ሰሙና ቸርኬው

ከመናኸሪያው ጀርባ፣ ደብረ ማርቆስ ላይ፣
ሐሙስ ከሰዓት ነበር፣ ጠራራ ፀሐይ።
አትጠገብ መጣች፣ ቀይ ሴሊካ ነድታ፣
"ጎማ ይምረጡልኝ" አለች፣ ሞተሩን አጥፍታ።

መኪናዋ የከረመች ቡሬ ነው፣ ከእህል መጋዘን፣
ስድስት ክረምት ቆማ፣ በቆሎ አጠገቧ ሲመዘን።
ከወንበሯ ሥር ዛሬም ፍሬ ይለቀማል፤
ኩርባ ላይ ስትታጠፍ ሲንኮሻኮሽ ይሰማል።

እሑድ ነው ቀጠሮዋ።
የድሮው አውሮፕላን ሜዳ፣ በሬ የሚግጥበት፣
ኖራ ተሰምሮለት፣ በርሜል ቆሞበት፣
ሰባት መኪና በየተራ፣ ከሰዓት ጋር እንጂ
ከሰው ሳይሽቀዳደም የሚሮጥበት።

ሁለት ዓይነት ቸርኬ አወረደች ከኋላ፤
አንደኛው ወርቅማ፣ ሰፊ፣ እንደ ታቦት ጥላ፤
"በዱቤ ነው የያዝኩት፣ ካልሆነ ይመለሳል።"
ሁለተኛው ግራጫ፣ ጠርዙ የተጫረ፣
ከመኪናዋ ጋራ ከጥንት የኖረ።
ጎማም ለናሙና አንድ ይዛለች፤
ጥርስ የለው፣ መስመር የለው። "ይሄን ነው የምፈልግ" አለች።

ጥርስ የሌለው!
ሠላሳ ዓመት ሙሉ የጮህኩት አንድ ቃል፦
"በመላጣ ጎማ ዓባይ በረሃ ይወረዳል?"
ስንቱን ሹፌር መለስኩ፣ ስንቱ ተሳደበ፤
አንዱ ሳቀብኝና ቁልቁል ጋለበ።
ጎማውን ከገደል አውጥተው፣ በሦስተኛው ቀን፣
ለእኔው መጥተው ሸጡልኝ።
ዋጋ አልተከራከርኩም።

"ይንኩት" አለችኝ። ነካሁት፣ ጥፍሬ ገባ።
"ሲሞቅ እንደ ሰም ነው፣ አስፋልት ላይ ይጣበቃል፤
ጥርስ ለጭቃ ነው፣ ጋሽ ሽባባው፤
በደረቅ መሬት ገላው ይበቃል።"

ሰም አለች።
ዲማ ሳለሁ፣ ቅኔ ስቆጥር፣ ጢሜ ሳያቀና፣
የኔታ ይሉኝ ነበር፦ "ሰም ቀላጭ ነውና
አትመነው፤ ወርቁን ያዝ።"
ወርቁን ሳልይዝ፣ ሳልዘርፍ አንድ ጉባኤ ቃና፣
ካላማዳሪ ለጣፊ ሆኜ ቀረሁና...

ተነስቼ ሄድኩ፣ ከሽንኩርት ሻጯ ከውዴ፣
ሚዛን ተዋስኩ።
"ቸርኬ በሽንኩርት ሚዛን? አበድክ እንዴ!"
ሰፈሩ ሳቀ።
ወርቅማው አሥራ አንድ ኪሎ፤
ግራጫው ስድስት ከሩብ።

"ወርቁን መልሺው" አልኳት፤ "ለሠርግ መኪና ያምራል፤
እግሩ የከበደ ሰው ኩርባ ላይ ይቀራል።
ገንዘብሽን ሰሙ ላይ ጨርሺ፤
ካንቺና ከምድር መሃል አራት መዳፍ ጎማ ነው።
ባለ ጥርሱንም ጫኚ ግን፤ እኔ ጮቄን አላምነው።"
የኔታ ቢሰሙኝ!

እሑድ ጠዋት፣ በብርዱ፣ ሃያ ስድስት ሞላሁ፤
ሦስት ዙር ሄዳ ስትመጣ ሠላሳ አምስት አገኘሁ።
ጥቂት አስተነፈስኩት፤ ጎማም ሲሞቅ ይኮራል፣
ካላስተነፈሱት ደረቱን ነፍቶ ይንሸራተታል።
ከዚያ ነዳች።
በርሜሉን ስትዞር ጎማው ዝም አለ፤
ሠላሳ ዓመት ያልሰማሁት ዝምታ፣
መሬት የያዘ።

ስድስተኛው ዙር ላይ ኖራው ጠቃጠቆ አወጣ።
ዝናብ! ከጮቄ በኩል ሳይነግረን መጣ።
ኋላዋ ሸሸ፤ ዞረች፤ አንድ ጊዜ፣ ሁለቴ፤
ሣሩ ውስጥ ቆመች።
"በቆሎው ሁሉ" አለች፣ ስደርስ፣ "መጣብኝ ፊቴ!"
ትስቃለች፤ እጇ ይንቀጠቀጣል።

ተንበረከክሁ። ጎማው ገና ትኩስ ነው፤
ጠጠር፣ ሣር፣ የበሬ እበት የያዘው።
በአውራ ጣቴ ስለቅም፣ አሻራዬ ሰሙ ላይ
እንደ ማኅተም ቀረ።
ዝናቡ ሲመታው፣ እስኪበርድ ድረስ ሳይ፣
"ጋሽ ሽባባው!" አለች፣ "ባለ ጥርሱን!"

ክሪኩን አነሳሁ።